ስለ እንጦጦ ሸማኔና ስለ ድረ ገጽ ዕቅድ

በእጁ ሠርቶ ለሚኖር ሰው ሁሉ ሁለት ድካም ተመድቦለታል። አንደኛው ዕቃውን አሳምሮ መሥራት ነው፤ ሁለተኛውም የሠራውን ዕቃ ለሚፈልገው ሰው ማስታወቅ ነው። ከሁለቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ ሌላው ብቻውን ፍሬ አያፈራም። በጎ ሥራ ሠርቶ ያላስታወቀ ሰው መብራት አብርቶ ከዕንቅብ በታች እንዳኖረ ሰው ይቈጠራል፤ ብዙ አስታውቆ በጎ ያልሠራ ሰው ደግሞ ዝናብ እንደሌለው ደመና ነው።

በቀድሞው ዘመን ማስታወቂያው ገበያው ራሱ ነበር። ሸማኔው ጋቢውን ተሸክሞ ወደ ገበያ ይወጣል፤ ገዢውም ክሩን በጣቱ ዳብሶ፥ ጥበቡን ወደ ብርሃን አንሥቶ አይቶ፥ በዋጋው ተከራክሮ ይገዛል። ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ስለሚተያዩ ከዚህ በላይ ማስታወቂያ አላስፈለገም። ዛሬ ግን የአዲስ አበባ ሸማኔ የሚሠራውን ጋቢና ቀሚስ የሚፈልገው ሰው በሾላ ገበያ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በዋሽንግተን ልጁን የሚድር አባት፥ በሮም ልጇን ክርስትና የምታስነሣ እናት፥ በሌላውም አገር ለበዓል የሚዘጋጅ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ይፈልገዋል። እነዚህ ሰዎች ወደ እንጦጦ ግርጌ መጥተው ክሩን በጣታቸው ሊዳብሱ አይችሉም። ስለዚህ ሸማኔው በሌለበት ስፍራ ስለ ሸማኔው የሚናገር፥ ሌሊትም ቀንም የማይዘጋ ደጃፍ ያስፈልጋል። ይህም ደጃፍ በዛሬው ዘመን ድረ ገጽ የሚባለው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ መናገር ያስፈለገበት ምክንያት፥ ብዙ ሰዎች ድረ ገጽን የባለጠጎች ጌጥ አድርገው ስለሚያዩት፥ ሌሎችም ያለ ዕቅድ አሠርተው ገንዘባቸውን ስለሚያጠፉ ነው። ሁለቱም ስሕተት ነው። ጉዳቱም የሚያርፈው በነጋዴው ላይ ብቻ ሳይሆን በእጅ ሥራው ክብር ላይ ጭምር ነው።

እንጦጦ የታሪክ ስፍራ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቈርቈርዋ አስቀድሞ የዳግማዊ ምኒልክ መቀመጫ በዚያ ነበረ፤ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ነው። ከተራራው ግርጌ ሽሮ ሜዳ የተባለው ሰፈር ይገኛል። ይህ ሰፈር በአስተዳደር ረገድ ለጉለሌ ክፍለ ከተማ የተመደበ ሲሆን፥ ከጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው የሚሠሩበትና የሚሸጡበት ስፍራ ስለ ሆነ ስሙ በአገር ውስጥም በውጭም የታወቀ ነው። ወደ ምሥራቅ በኩል የየካ ክፍለ ከተማ ይቀጥላል፤ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፥ የካ ሚካኤል፥ ሾላ ገበያና ኮተቤ በዚያ በኩል ናቸው፤ በኮረብታውም ላይ ከድንጋይ የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ወደ ተራራው የሚወጣው ጐብኚ ብዙ ሆኗል።

በዚህ ተራራ ላይ እንጨትና የባሕር ዛፍ ቅጠል ለቅመው፥ በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ እያወረዱ የሚተዳደሩ ሴቶች መኖራቸውን የከተማው ሕዝብ ሁሉ ያውቃል። ከእነርሱ አንዳንዶቹ በማኅበር ተደራጅተው፥ ሸክሙን ትተው፥ የአንገት ልብስ ወደ መሸመን ተመለሱ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሸክሙ ለዘለቄታው የሚቀርላቸው የሸመኑት ልብስ የተሸጠ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ልብሱ በመደርደሪያ ላይ የከረመ እንደ ሆነ ጀርባቸው ወደ እንጨቱ መመለሱ አይቀርም። እንግዲህ ስለ ድረ ገጽ የሚነገረው ነገር ስለ እንጀራ እንጂ ስለ ጌጥ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ሸማኔው እግሩን በጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ መወርወሪያውን ከሚወረውርበት ስፍራ እስከ ባሕር ማዶ ገዢ ድረስ ያለው መንገድ ረዥም ነው። በመካከሉ ደላላ አለ፤ ባለሱቅ አለ፤ ላኪ አለ። እያንዳንዱ ስለ ድካሙ ድርሻውን ይወስዳል፤ መውሰዱም በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ በመንገዱ ላይ የሸማኔው ስም መጥፋቱ ነው። ገዢው የሸጠለትን እንጂ የሠራለትን አያውቅም፤ ስሙ ያልታወቀ ሠሪም በዋጋው ላይ ቃል የለውም። በዚህም ላይ የጥበቡን መልክ ብቻ በፋብሪካ አትሞ ከውጭ አገር የሚመጣ ጨርቅ በገበያው ውስጥ በርካሽ ይሸጣል። በእጅ የተፈተለውንና የተሸመነውን ከፋብሪካው ለይቶ የሚያስረዳ ሰው ከታጣ፥ ገዢው ርካሹን ቢመርጥ ሊፈረድበት አይገባም። ሠሪው ራሱ በራሱ ስም፥ «ይህ ልብስ እንዲህ ሆኖ ተሠራ፤ የሠራሁትም እኔ ነኝ» ብሎ የሚናገርበት ስፍራ ያስፈልገዋል።

መንገዱ ደግሞ ተጠርጓል። ድረ ገጽ የሚባለውን አሠራር ያሰበው ቲም በርነርስ ሊ የተባለው እንግሊዛዊ ነው፤ በስዊስ አገር በሚገኘው ሰርን በተባለው የምርምር ማእከል ሳለ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1989 ሐሳቡን አቀረበ፤ ማእከሉም በ1993 ማንም ሰው ያለ ክፍያ እንዲሠራበት ፈቀደ። በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው። የግዕዝ ፊደልም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ውስጥ ስለ ገባ፥ በአዲስ አበባ የተጻፈው አማርኛ በሌላው ዓለም ሳይፈርስ ሊነበብ ቻለ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር በእጅ ስልክ ገንዘብ የሚከፈልበትን መንገድ ከፈተ፤ በ2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሁለተኛው የስልክ ድርጅት ሆኖ ሥራ ጀመረ።

በዚህ መንገድ ሄዶ የተጠቀመ ኢትዮጵያዊም አልታጣም። ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን ያቋቋሙት ሶልሬብልስ የተባለው የጫማ ድርጅት በአዲስ አበባ በዘነበወርቅ ሰፈር ተነሥቶ፥ በአሮጌ ጐማ የሚሠራውን የበረባሶ ጥበብ ከእጅ ሽመና ጋር አዋሕዶ፥ ደንበኛውን በባሕር ማዶ በኢንተርኔት ፈልጎ አገኘ። የተሠራበት ነገር ጐማና ጥጥ ነው፤ ዓለም ያወቀው ግን በጐማነቱ ሳይሆን በታሪኩና በሠሪዎቹ ማንነት ነው። ይህ ነገር ለእንጦጦ ሸማኔ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ዛሬ አንድ ነጋዴ ድረ ገጽ ለማሠራት ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ ወደ ባለሙያው ይሮጣል፤ ባለሙያውም ስለ ቀለሙና ስለ ሥዕሉ ይጠይቀዋል። ነጋዴውም የጐረቤቱን ገጽ አሳይቶ፥ «እንደዚህ ያለ ይሁንልኝ» ይላል። ይህ አሠራር ከመሠረቱ በፊት ጣራውን እንደ ማቆም ነው። ገጹ ተሠርቶ ያምራል፤ ነገር ግን ማን እንደሚያነበው፥ ካነበበም በኋላ ምን እንደሚያደርግ ያሰበ ሰው ስላልነበረ፥ ከጥቂት ወራት በኋላ ደጃፉ ሣር የበቀለበት ቤት ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ አራት ጥያቄዎች ተጽፈው ሊመለሱ ይገባል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ገጹ ለማን ነው የሚለው ነው። «ለሁሉም ነው» የሚል መልስ መልስ አይደለም። በየካ የሚኖር ገዢ የሚፈልገው መንገዱን፥ ስልኩንና የዛሬውን ዋጋ ነው። በዋሽንግተን ያለችው ሙሽራ የምትፈልገው ልኳን እንዴት እንደምትልክ፥ ቀሚሱ ከሠርጉ በፊት ይደርስ እንደ ሆነ ማወቅ ነው። እንጦጦን ሊጐበኝ የመጣ እንግዳ የሚፈልገው ሽመናውን በዐይኑ ለማየት የሚፈቀድበትን ሰዓት ነው። ሦስቱ ሰዎች ሦስት ቋንቋና ሦስት ጭንቀት አላቸው። ነጋዴው ከሦስቱ ማንን አስቀድሞ እንደሚያገለግል ካልወሰነ ለሁሉም ግማሽ መልስ እየሰጠ ሦስቱንም ያጣል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመጣው እንግዳ ምን እንዲያደርግ ይፈለጋል የሚለው ነው። ስልክ እንዲደውል ነውን? ልኩን እንዲልክ ነውን? ወይስ ወደ ሱቁ እንዲመጣ? ከእነዚህ አንዱ ዋና ይሁን፤ ዋና የሆነውም በመጀመሪያው ገጽ ላይ በግልጽ ይታይ። ብዙ በር ያለው ቤት እንግዳን እንደሚያደናግር፥ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የሚጠይቅ ገጽም ገዢውን ምንም ሳያደርግ ይመልሰዋል።

ሦስተኛው ጥያቄ ገዢው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ማወቅ የሚገባው ነገር ምንድር ነው የሚለው ነው። ይህን ለማወቅ ጥበብ አያስፈልግም፤ ሸማኔው ወይም ሚስቱ በአንድ ወር ውስጥ ገዢዎች የጠየቋቸውን ጥያቄ ሁሉ በደብተር ይጻፉ። ክሩ የእጅ ፈትል ነው ወይስ የፋብሪካ? ቀለሙ ሲታጠብ ይለቃልን? ጋቢው ስንት ኪሎ ይመዝናል? ስንት ቀን ይፈጃል? በልኬ ባይሆን ይመለሳልን? የእነዚህ መልስ ተሰብስቦ ሲጻፍ የድረ ገጹ አብዛኛው ጽሕፈት አለቀ ማለት ነው።

አራተኛው ጥያቄ ከተሠራ በኋላ የሚጠብቀው ማን ነው የሚለው ነው። ድረ ገጽ እንደ ሐውልት አንድ ጊዜ ቆሞ የሚተው ነገር አይደለም፤ እንደ አትክልት ስፍራ በየጊዜው የሚታረም ነው። ዋጋው ሲለወጥ፥ የተሸጠው ልብስ ሲያልቅ፥ ስልኩ ሲቀየር ገጹም መታረም አለበት። የዐምናውን ዋጋ የሚናገር ገጽ ከዝምታ ይልቅ ይጐዳል፤ ገዢው ሲደውል ሌላ ዋጋ ሲሰማ የተታለለ ይመስለዋልና። ስለዚህ በሳምንት አንድ ሰዓት የሚሠራበት ሰው በስሙ ይመደብ፤ በየዓመቱም ለስሙና ለማስተናገጃው የሚከፈለው ገንዘብ ከአሁኑ ይታሰብ።

እነዚህ አራት ጥያቄዎች ከተመለሱ በኋላ የገጹ ሥርዐት በራሱ ይገለጣል። ለአነስተኛ ነጋዴ አራት ወይም አምስት ገጽ ይበቃዋል፤ ማንነቱን የሚናገር፥ ዕቃውንና ዋጋውን የሚያሳይ፥ ማዘዣውን የሚገልጽ፥ ስፍራውንና ስልኩን የሚያመለክት፥ ለተለመዱት ጥያቄዎች መልስ የሚሰጥ። በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ፥ እንግዳው ምንም ሳይደክም፥ ይህ ቤት የማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚሠራና የት እንደሚገኝ በሁለት መስመር ይነበብ።

በኢትዮጵያ አብዛኛው ሰው ኢንተርኔትን የሚያየው በእጅ ስልክ ነው፤ የሚከፍለውም በተጠቀመው መጠን ነው። ስለዚህ ገጹ ቀላል መሆን አለበት። ስልክ ያነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንዳለ ቢቀመጥ አራት ሜጋ ባይት ሊሆን ይችላል፤ ዐሥር ፎቶግራፍ ያለበት ገጽም አርባ ሜጋ ባይት ይሆናል። ያው ፎቶግራፍ ለስልክ መስታወት በሚበቃ ልክ ቢቀነስ እያንዳንዱ ወደ መቶ ኀምሳ ኪሎ ባይት ይወርዳል፤ ዐሥሩም በአንድ ሜጋ ባይት ተኩል ያልቃሉ። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ገዢው ገጹ እስኪከፈት ጠብቆ ልብሱን እንዲያይ ወይም ታክቶት እንዲሄድ የሚያደርገው ይህ ነው።

ፎቶግራፉ የገዢው ጣት ምትክ ስለ ሆነ እንደ ጣት መዳበስ አለበት። ነጭ ነጠላ በነጭ ግድግዳ ፊት የተነሣ እንደ ሆነ አይታይም፤ በጠቈረ እንጨት ወይም በሸክላ ቀለም ፊት ይነሣ። ለአንድ ልብስ ሦስት ፎቶግራፍ ይበቃል፤ አንዱ ልብሱን ሙሉውን፥ ሁለተኛው ጥበቡን ከቅርብ፥ ሦስተኛው ልብሱን የለበሰ ሰው የሚያሳይ። ከእነዚህም ሌላ ሸማኔው በሥራው ላይ ሳለ፥ ፈቃዱ ተጠይቆ፥ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ ቢኖር ከብዙ ቃል ይልቅ ይመሰክራል። ዋጋውና ስልኩ ግን በሥዕሉ ውስጥ አይጻፍ፤ በሥዕል ውስጥ የተሳለውን ቃል የመፈለጊያው መሣሪያ በደኅና አያነበውም፥ ዐይነ ስውር ለሆነ ሰው ጽሑፍን በድምፅ የሚያነበው መሣሪያም ያልፈዋል።

ልክን በሚመለከት ደግሞ ብዙ ጠብ ይነሣል። ክንድ የሸማኔው አሮጌ መለኪያ ነው፤ ነገር ግን የአንዱ ሰው ክንድ ከሌላው ክንድ አይተካከልም። ባሕር ማዶ ላለ ገዢ ልኩ ሁሉ በሳንቲ ሜትር ይጻፍ፤ ደረትን፥ ወገብንና ቁመትን እንዴት እንደሚለኩ የሚያሳይ አንድ ሥዕልም ይጨመር። ቀንና ሰዓትም እንደዚሁ ነው። «ከጧቱ 3 ሰዓት እንከፍታለን» የሚለው ቃል ለአዲስ አበባ ሰው ግልጽ ነው፤ ለውጭ አገር ሰው ግን ሌሊት ይመስለዋል። ስለዚህ ሰዓቱና ቀኑ በሁለቱም አቈጣጠር ይጻፍ። በዋሽንግተን ቀትር ሲሆን በአዲስ አበባ መሽቷል፤ ገዢው ደውሎ መልስ ቢያጣ እንዳይቀየም ስልክ የሚነሣበት ጊዜ በግልጽ ይነገር። ከገና፥ ከጥምቀትና ከፋሲካ በፊት ትእዛዝ ስለሚበዛ፥ ለበዓል የሚሆን ልብስ እስከ መቼ መታዘዝ እንዳለበት አስቀድሞ ይታወጅ።

አድራሻን በሚመለከት፥ በአዲስ አበባ ሰው ቤቱን የሚያመለክተው በቤት ቍጥር ሳይሆን በታወቀ ስፍራ ነው፤ «ከቤተ ክርስቲያኑ አለፍ ብሎ፥ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት» ይላል። ይህ ልማድ መልካም ነው፤ አይተው። ነገር ግን ከእርሱ ጋር የካርታ ምልክት ይጨመር፤ ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ እንግዳው አይጠፋም።

የቋንቋው ነገር በተለይ የሊቃውንትን ልብ የሚነካ ነው። አንዱ ሰው ሐበሻ የሚለውን ቃል በሐመሩ ሐ ሲጽፍ፥ ሌላው በሃሌታው ሀ ይጽፈዋል፤ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ፥ ጸሎቱ ጸና ፀሐዩ ፀ፥ አልፋው አና ዐይኑ ዐም እንደዚሁ ይቀያየራሉ። የሚያነበው ሰው በልቡ ያርመዋል፤ የመፈለጊያው መሣሪያ ግን ሁልጊዜ አንድ አድርጎ አይቈጥራቸውም። ስለዚህ በገጹ ዋና ጽሕፈት ላይ ትክክለኛው አጻጻፍ ተጠብቆ፥ ሕዝቡ የለመዳቸው ሌሎች አጻጻፎች ደግሞ፥ በላቲን ፊደል የሚጻፈውም ጭምር፥ በገጹ ላይ በሚነበብ ስፍራ ይጠቀሱ። አማርኛው ለአገሩ ሰው፥ እንግሊዝኛው ለውጭ ገዢ ይጻፍ፤ ነገር ግን አማርኛው የእንግሊዝኛው ጥላ አይሁን። ጥበብ፥ ፈትል፥ ድር፥ ማግ የሚሉት ቃሎች በሌላ ቋንቋ ሙሉ ምትክ የላቸውም፤ እንግዳውም ቃላቸውን ከነትርጉማቸው ቢማር ልብሱን ይበልጥ ያከብራል።

አንዳንዶች፥ «በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም እየተሸጠ ሳለ ድረ ገጽ ለምን ያስፈልጋል» ይላሉ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በእነዚህ መገናኛዎች ብዙ ነጋዴ እንጀራውን ይበላል፤ በጉሊት ሽንኩርት ለሚሸጥ ሰውም ድረ ገጽ አያስፈልገውም፥ ገዢው በየቀኑ በፊቱ ያልፋልና። ነገር ግን እነዚያ መገናኛዎች የሌላ ሰው መሬት ናቸው። ባለመሬቱ ሕጉን በለወጠ ጊዜ፥ ወይም በስሕተት በዘጋ ጊዜ፥ የብዙ ዓመት ደንበኛ በአንድ ቀን ይጠፋል። ከዚህም ሌላ የትናንቱ ማስታወቂያ ዛሬ በሌላ ተሸፍኖ ይሰወራል። ማኅበራዊ መገናኛው ነጋሪት ነው፤ ድረ ገጹ ቤት ነው። ነጋሪት ያለ ቤት ሰውን ጠርቶ ማስገቢያ ያጣል፤ ቤትም ያለ ነጋሪት ጐብኚ አያገኝም።

ቤቱ ደግሞ በባለቤቱ ስም ይሁን። ገጹን የሠራው ወጣት ስሙን በራሱ ስም አስመዝግቦ፥ የይለፍ ቃሉንም ይዞ የሄደ እንደ ሆነ፥ ነጋዴው በገዛ ስሙ ላይ ተከራይ ይሆናል። ስለዚህ የድረ ገጹ ስም፥ የክፍያው ደረሰኝና የይለፍ ቃሉ በባለቤቱ እጅ እንዲሆኑ ከሥራው በፊት በጽሑፍ ውል ይታሰር። የስሙም የመታደሻ ቀን እንደ ቤት ኪራይ ቀን ይታወቅ፤ ያልታደሰ ስም ለሌላ ይሰጣልና። ስሙም አጭር፥ ለመጥራትም ለመጻፍም የማያስቸግር ይሁን።

ከሁሉ በላይ ግን ገጹ እውነት ይናገር። ገዢው ዕቃውን ሳይዳብስ፥ የሻጩንም ፊት ሳያይ ገንዘቡን ይልካል፤ ይህ ትልቅ እምነት ነው። የፋብሪካ ክር የተቀላቀለበትን «ንጹሕ የእጅ ፈትል» ብሎ መጻፍ ሐሰተኛ ሚዛን ከመያዝ አይለይም፤ የአንዱም ሐሰት በሰፈሩ ሸማኔ ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ያመጣል። የንግድ ፈቃዱ፥ የባለቤቱ ስም፥ የመመለሻው ደንብ በግልጽ ይጻፍ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቍጥር 1205 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ መልእክት በዚያ ምክንያት ብቻ ሕጋዊ ዋጋውን እንዳያጣ ስለ ደነገገ፥ በገጽ ላይ የተሰጠ ቃል እንደ ቀልድ የሚታይ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321ም የሰውን ስም፥ ስልክና አድራሻ የሚቀበል ሁሉ በጥንቃቄ እንዲይዝ ያስገድዳል። የሙሽራይቱ ልክና ስልክ ለሥራው እንጂ ለሌላ ነገር አልተሰጠም።

«መብራት በሚጠፋበትና መረቡ በሚቋረጥበት አገር ይህ ሁሉ ከንቱ ነው» የሚልም አለ። ችግሩ እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። የሸማኔው ቤት መብራት ቢጠፋም ገጹ የተቀመጠው በሌላ ስፍራ ስለ ሆነ ለዓለም እንደ ተከፈተ ይቈያል፤ የገዢውም መልእክት መብራቱ እስኪመለስ ይጠብቃል። እንዲያውም ደጋግሞ ለሚቋረጥ ስልክ ትልቁ ረዳት፥ ሸማኔው ባይገኝም መልስ የሚሰጥ ገጽ ነው። ሸማኔው ማንበብ የማይችል ቢሆንም ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ትምህርት ቤት ይውላል። ለብቻው የሚከፍለው ቢያጣ ደግሞ ከባልንጀሮቹ ጋር አንድ ገጽ ያቁም፤ በዚያም ገጽ እያንዳንዱ ሸማኔ በስሙና በሥራው ይታይ። ማኅበሩ ስሙን አንድ ላይ ቢያስታውቅም የእያንዳንዱን እጅ እንዳይሰውር ይጠንቀቅ።

እንግዲህ ሥራው የነጋዴው ብቻ አይደለም፤ በሥልጣን ላይ ላሉትም ድርሻ አላቸው። በየካም ሆነ በሌላው ክፍለ ከተማ ያሉት ጽሕፈት ቤቶች አነስተኛ ነጋዴዎችን ሲያደራጁ የመሥሪያ ስፍራና ብድር ለማስገኘት ይደክማሉ፤ ይህም የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ሠርቶ ያልሸጠ ሰው ብድሩን ከምን ይከፍላል? ስለዚህ ስለ መሸጥ የሚሰጠው ትምህርት ስለ መሥራት ከሚሰጠው እኩል ይሁን፤ ድረ ገጽ የሚያሠራውም ነጋዴ አስቀድሞ አራቱን ጥያቄዎች በወረቀት መልሶ ያቅርብ። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው የሪፖርቱ ነገር ነው። «ይህን ያህል ድረ ገጽ ተከፈተ» ተብሎ የሚጻፈው ቍጥር የሥራ ፍሬ አይደለም፤ ከዓመት በኋላ ስንቱ በሕይወት እንዳለ፥ ስንቱ ሸማኔ ትእዛዝ እንዳገኘበት የሚቈጥር ሪፖርት ግን እውነተኛ ነው። መሥሪያ ቤቶቹም ራሳቸው ምሳሌ ይሁኑ፤ ስልኩ የማይሠራ፥ ዜናው የቈየ የመሥሪያ ቤት ገጽ ነጋዴውን ሊያስተምር አይችልም።

የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ከዚህ ነገር የራቁ አይደሉም። ልብሰ ተክህኖ የሚሰፋው፥ የቤተ ክርስቲያን ጥላ የሚሠራው፥ ብራና የሚፍቀውና የሚጽፈው ሁሉ አነስተኛ ነጋዴ ነው፤ ሥራውም በውጭ አገር ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ይፈለጋል። በእንጦጦና በየካ ኮረብታ ላይ ያሉት ጥንታውያን አድባራት ክብረ በዓላቸውን፥ ለጐብኚ የሚፈቀደውን ሰዓትና ሥርዐት በትክክል ቢያስታውቁ፥ ወደ እነርሱ የሚወጣው እንግዳ በመንገዱ ላይ የሸማኔውንም ደጅ ይረግጣል። ይልቁንም ሊቃውንቱ አማርኛን ከነፊደሉ የሚያውቁ ስለ ሆኑ፥ በሰንበት ትምህርት ቤት ያሉት ወጣቶች ደግሞ መሣሪያውን ስለሚያውቁ፥ ሁለቱ ተባብረው የሰፈራቸውን ሸማኔ ገጽ ጽሕፈት ቢያቃኑለት ብዙ ገንዘብ ሳይጠፋ ብዙ ጥቅም ይገኛል።

ሸማኔ ሥራውን የሚጀምረው መወርወሪያውን በመወርወር አይደለም። አስቀድሞ ክሩን ይቈጥራል፥ ድሩን ይዘረጋል፥ ወርዱን ይለካል፤ ማጉ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው። ድሩ የተዛባ እንደ ሆነ ጥበቡ ምንም ቢያምር ልብሱ አይቀናም። ድረ ገጽም በስሙ ውስጥ ድር የሚለውን ቃል እንደ ያዘ፥ በሥርዐቱም ሽመናን ይመስላል፤ ዕቅዱ ድሩ ነው፥ ጽሕፈቱና ሥዕሉ ማጉ ነው። የእንጦጦ ሸማኔ ይህን ሥርዐት ከማንም ይልቅ ያውቀዋል፤ የሚያስፈልገው የሚያውቀውን በአዲሱ ስፍራ እንዲሠራበት የሚያግዘው ሰው ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፥ ሹሙ በሥልጣኑ፥ ካህኑ በዕውቀቱ፥ ወጣቱ በሙያው፥ ሸማኔው በእጁ ቢተባበሩ፥ የሠራተኛው ስም ከልብሱ ጋር ዓለምን ይዞራል፤ ከተራራው የወረደውም የእንጨት ሸክም ተመልሶ በሴቶቹ ጀርባ ላይ አይወጣም።